በሞተር ብስክሌት ላይ ቁልፍ የሚያዝዘው ኤሌክትሪክ



ሰው አንድን አገልጋይ ከለመደ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ሲሠራለት አይበቃውም። ባለ በቅሎው በቅሎዪቱ እርሱን መሸከሟ ሳይበቃው ስንቁንና ጓዙን እንደሚጭንባት ሁሉ፣ ባለ ሞተር ብስክሌቱም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ካሰበበት ቦታ ካደረሰው በኋላ «ስልኬን ቢሞላልኝ» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ጭጋግ የሚገፍፍ ተጨማሪ መብራት፣ ድምፁ ራቅ ብሎ የሚሰማ ክላክስ፣ ወይም መንገድ የሚያመለክት መሣሪያ ሊገጥምበት ይመኛል።

ይህ ምኞት በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ለእነዚህ ዕቃዎች የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከየት ይምጣ? ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ «ከባትሪው ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ሙሉው መልስ «ከባትሪው፣ ነገር ግን በቁልፉ ፈቃድ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፌ ዓላማ ይህን ሙሉ መልስ ከነምክንያቱና ከነአሠራሩ ማስረዳት ነው።

ጥቂት ስለ ታሪኩ

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባክ የተባሉት ጀርመናውያን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 በቤንዚን የሚሄድ ባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪ ሲሠሩ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሳይሆን በእሳት የጋለ ቱቦ ነበር። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት የብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች የፊት መብራት የካርባይድ ነበር። ይኸውም ውሃ በካርባይድ ላይ ጠብ ጠብ ሲል የሚወጣውን ጋዝ በመለኮስ የሚበራ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ግን ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳይቶ ነበር። ይኸው ግኝት በዲናሞ መልክ ወደ ሞተር ብስክሌቱ ገባ። እነሆ ዛሬ ሞተር ብስክሌት ያለ ኤሌክትሪክ አይነሣም፣ አይበራም፣ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የሚነካ ሰው የሞተሩን ሕይወት እንደሚነካ ማወቅ ይገባዋል።

በአንድ ሞተር ላይ ሦስት ዐይነት ኤሌክትሪክ

ነገሩ እንዲገባን የሞተሩን ኤሌክትሪክ በውሃ እንመስለው። ዲናሞው ምንጭ ነው፤ የሚፈልቀው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ባትሪው በርሜል ነው፤ ምንጩ ሲፈልቅ ይሞላል፣ ምንጩ ሲቆም ያጠራቀመውን ይሰጣል። የማስነሻው ቁልፍ ደግሞ በበርሜሉ ላይ የተተከለው ቧንቧ ነው፤ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። በዚህ ምሳሌ መሠረት በሞተር ብስክሌት ላይ የምናገኛቸው ሽቦዎች በሦስት ይከፈላሉ።

1ኛ፤ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ ከባትሪው ተነሥተው እስከ ቁልፉ ድረስ የሚሄዱት ናቸው። ሞተሩ ቆሞም፣ ቁልፉ ከባለቤቱ ኪስ ገብቶም ኤሌክትሪኩ በእነርሱ ላይ አለ።

2ኛ፤ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ናቸው። እነዚህ ከቁልፉ ወዲያ ያሉት ሲሆኑ፣ ፍሬቻን፣ የፍሬን መብራትንና ሌሎችንም ያገለግላሉ። የምንፈልጋቸው እነዚህን ነው።

3ኛ፤ ሞተሩ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ናቸው። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪው ጋር ሳይገናኝ በቀጥታ ከዲናሞው ይበላል። ይህ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚለዋውጥ ነው፤ ኃይሉም ሞተሩ በፈጠነና በዘገየ ቁጥር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለስልክ መሙያ አይሆንም። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የፊት መብራቱን ማብሪያ ስትጫኑ መብራቱ እንቢ ካለ፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ከበራ፣ ብዙ ጊዜ የዚህ ዐይነቱ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ዕቃውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ ሰው ምን እንዳደረገ በምሳሌያችን እንመልከት። ከቧንቧው በታች በርሜሉን ቀዳዳ በሳው ማለት ነው። ቧንቧው ቢዘጋም ውሃው ጠብ ጠብ ማለቱን አይተውም።

ጠብታ በርሜል እንደሚያደርቅ

ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝ በቤተ ዘመዳችን የደረሰ አንድ ጉዳይ ነው። አጎቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ የሚያገለግሏቸውም ቀበሌዎች እርስ በርሳቸው የተራራቁ ስለ ሆኑ ያለ ሞተር ብስክሌት ሥራቸው አይሠራም። ገበሬዎች የሚጠሯቸው በስልክ ነውና ስልካቸው እንዳይዘጋባቸው አንድ የስልክ መሙያ በመሪው ላይ አስገጠሙ። የገጠመላቸው ሠራተኛም ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ «ይኸው፣ ሁልጊዜ ይሠራል» ብሎ ሰጣቸው። እውነቱን ነው፤ ሁልጊዜ ይሠራ ነበር!

አጎቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሄደው ሞተሩ በቤት ቆመ። በተመለሱ ማግሥት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። «ላሜ ምጥ ይዟት መውለድ አቃታት፤ እባክዎ ይድረሱልኝ» የሚል የገበሬ ድምፅ ነበር። አጎቴ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ሞተሩ ቢሄዱ ቁልፉን ሲያዞሩ አንዲት መብራት እንኳ አልበራችም። በእግር ቢመቱትም፣ በቁልቁለት ቢገፉትም አልነሣ አለ፤ የዚያ ሞተር ብልጭታ ከባትሪው የሚመጣ ነውና ባትሪው ጨርሶ ከሞተ መግፋት አይጠቅመውም። በእግራቸው ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ላሚቱ ተረፈች፤ ጥጃው ግን ሞቶ ተወለደ። ቀደም ብለው ቢደርሱ ጥጃው በእርግጥ ይተርፍ ነበር ብሎ ለመናገር አይቻልም። ቢሆንም አጎቴ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ባትሪውን ምን ገደለው? ያ የስልክ መሙያ የባትሪውን ኃይል በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ቀይ መስኮት ነበረው፤ እርሷም ቀንና ሌሊት ትበራ ነበር። ባትሪው ዳግመኛ ከተሞላ በኋላ በቴስተር ስንለካው፣ ቁልፉ ተዘግቶ ስልክም ሳይሰካበት፣ መሙያው 20 ሚሊ አምፔር ይወስድ ነበር። 20 ሚሊ አምፔር ማለት የአንድ አምፔር 50ኛ እጅ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው።

0.02 አምፔር በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 0.48 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። በ14 ቀን 6.72 አምፔር-ሰዓት መሆኑ ነው። የአጎቴ ሞተር ባትሪ ግን ሞልቶ ሲገኝ የሚይዘው 5 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲያውስ 10 ቀን ከግማሽ ሳይሞላው ባዶውን ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ስሌት ባትሪው አዲስ ከሆነ ነው፤ ያረጀ ባትሪ ከዚህም ቀድሞ ይደክማል። ከዚህም በላይ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ባዶውን ከሰነበተ በውስጡ ያሉት ሳህኖች ስለሚበላሹ፣ ዳግመኛ ቢሞላ እንኳ እንደ ቀድሞው ብዙ አይዝም።

ጠብታው እንዲህ ካደረገ፣ ትልቁ ቀዳዳ ምን ያደርግ ይሆን? 20 ዋት የሚበላ መብራት በቀጥታ ከባትሪው ጋር ተገናኝቶ ሳይጠፋ ቢረሳ፣ 20 ለ12 ሲካፈል 1.7 አምፔር ያህል ይወስዳልና ያን ባትሪ በ3 ሰዓት ገደማ ያደርቀዋል። ባለቤቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ረስቶት ቢተኛ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ባትሪው አለቀ ማለት ነው።

ቁልፍ የሚያዝዘውን ሽቦ እንዴት እናገኘዋለን?

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቮልት የሚለካ ቴስተር ይበቃሉ። አሠራሩ ቀጥሎ እንደ ተመለከተው ነው።

1ኛ፤ ቴስተሩን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወደሚለካበትና 20 ቮልት ወደሚለው ቦታ አዙሩት። መጀመሪያ ባትሪውን ራሱን ለኩ። ሞተሩ ካረፈ በኋላ ደኅና ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ወደ 12 ቮልት የወረደ ከሆነ አስቀድሞ መሞላት አለበት።

2ኛ፤ የቴስተሩን ጥቁር ዘንግ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ቀዩን ዘንግ ልትመረምሩት በፈለጋችሁት ሽቦ መገናኛ ከኋላ በኩል አስገብታችሁ አስነኩ። የሽቦውን ላስቲክ በመርፌ መብሳት አይገባም፤ በክረምት ውሃ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ መዳቡን ያዝገዋል።

3ኛ፤ ቁልፉ እንደ ተዘጋ አንብቡ። 0 መሆን አለበት። ከዚያ ቁልፉን ከፍታችሁ አንብቡ። የባትሪውን ያህል ቮልት ካሳየ ያ ሽቦ ቁልፍ የሚያዝዘው ነው። ሁለቱንም ጊዜ 12 ቮልት ካሳየ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነውና ተዉት።

4ኛ፤ ቁልፉ የሚዞርባቸውን ቦታዎች ሁሉ ፈትኑ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቁልፉ ወደ መቆሚያ ቦታ ሲዞር ቁልፉ ከተነቀለ በኋላም የኋላ መብራቱ እንደ በራ ይቀራል። በዚህ ዐይነቱ ሞተር የኋላ መብራት ሽቦ ሙሉ በሙሉ የታመነ አይደለም ማለት ነው።

5ኛ፤ ሞተሩን አስነሥታችሁ ደግማችሁ ለኩ። ሞተሩ ከዝቅተኛው ዙር ጥቂት ከፍ ሲል ንባቡ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል ሊሆን ይገባል። ይህ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ለመሆኑ ምስክር ነው።

የሽቦን ቀለም ብቻ አይቶ መፍረድ ግን አደገኛ ነው። አንዱ ፋብሪካ ለፍሬቻ የሚጠቀምበትን ቀለም ሌላው ለሌላ ሥራ ያውለዋል፤ በመንገድ ዳር የተጠገነ ሞተር ደግሞ የተገኘው ሽቦ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ቀለም ይዋሻል፤ ቴስተር ግን አይዋሽም።

የትኛው ሽቦ ይመረጣል? የትኛው አይነካም?

ለዚህ ሥራ ከሚመቹት አንዱ ወደ ፍሬን መብራት ማብሪያ የሚገባው ሽቦ ነው። ማብሪያው ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ አንደኛው ቁልፉ ሲከፈት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚያገኝ ነው። የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ሌላው ወደ ፍሬቻ ማብለጭለጫው የሚገባው ሽቦ ነው። ከማብለጭለጫው የሚወጣው ግን ብልጭ ድርግም የሚል ስለ ሆነ አይጠቅምም። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የክላክሱ አንዱ ሽቦ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ በሌሎች ግን ጥሩንባው ካልተጫነ አያገኝም። ስለዚህ ሳይለኩ መወሰን አይገባም።

ፈጽሞ ልንነካው የማይገባ ደግሞ አለ። ይኸውም ብልጭታውን የሚሰጠው መሣሪያ የሚበላበት ሽቦ ነው፤ በዘመናዊዎቹ ሞተሮች ላይም ቤንዚን የሚገፋው ፓምፕና ሞተሩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ሽቦዎች እንደዚሁ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚህ ሽቦ ላይ የተቀጠለ ዕቃ አንድ ቀን ቢበላሽና ፊውዙን ቢያቃጥል፣ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ነው። ከኋላ የጭነት መኪና እየመጣ በጨለማ ድልድይ ላይ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚያስከትል ለወላጆች መንገር አያስፈልግም።

ትንሹ ትእዛዝና ትልቁ ሥራ

አንባቢ ሆይ፣ ሽቦው ከተገኘ በኋላ «እንግዲህ ዕቃውን ሁሉ ከዚያ ላይ ልቀጥል» ትል ይሆናል። ለስልክ መሙያ ብቻ ከሆነ ይቻላል። መሙያው በ5 ቮልት 2 አምፔር ቢሰጥ 10 ዋት ነው፤ በራሱ የሚባክነውን ጨምረን 12 ዋት ብንለው ከባትሪው የሚወስደው 1 አምፔር ነው። ከ2 እስከ 3 አምፔር የሚችል ፊውዝ ተደርጎለት ከቁልፉ ሽቦ ላይ ቢቀጠል አይጎዳም።

ለተጨማሪ መብራትና ለትልቅ ክላክስ ግን ይህ አይበቃም። የፍሬን መብራት ሽቦ የተሠራው ለፍሬን መብራት ነው፤ ብዙ ጊዜ 21 ዋት የሚበላ አምፖል ነው የሚሸከመው። በዚያ ቀጭን ሽቦና በዚያ አሮጌ ቁልፍ ውስጥ ተጨማሪ ብዙ አምፔር ብናስተላልፍ ሽቦው ይግላል፤ በቁልፉ ውስጥ ያሉት መገናኛዎችም ይቃጠላሉ።

መፍትሔው ሪሌ የሚባለው መሣሪያ ነው። ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው። በውስጡ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንዲት የብረት ምላስ ስቦ ትልቁን መንገድ ይከፍታል። ይህ ዐይነቱ መሣሪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደከመውን መልእክት ወደ ሩቅ አገር ለማሳለፍ በቴሌግራፍ መሥመር ላይ ያገለግል ነበር። የተሽከርካሪ ሪሌ ጥቅል የሚወስደው ከ0.2 አምፔር አይበልጥም፤ በመገናኛው ግን 20 ወይም 30 አምፔር ሊያሳልፍ ይችላል። በመሥሪያ ቤት አለቃው ድንጋዩን ራሱ አይሸከምም፤ አንድ ቃል ተናግሮ ሠራተኞች እንዲያነሡት ያዝዛል። ቁልፉም ለሪሌው አለቃ ነው።

በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 85 እና 86 የጥቅሉ ናቸው፤ አንዱ ከመረጥነው የቁልፍ ሽቦ ጋር፣ ሌላው ከኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል። 30 በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል። 87 ወደ ዕቃው ይሄዳል። ከዚያ ዕቃው በኔጌቲቩ ወደ ባትሪው ይመለሳል። 87ሀ ሆኖ በላቲን ፊደል የተጻፈ አምስተኛ እግር ያለው ሪሌ ቢያጋጥማችሁ፣ እርሱ ቁልፉ ሲዘጋ የሚከፈት ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት፤ ባዶውን ተዉት። በዚህ አሠራር ኃይሉ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በአጭሩ ይመጣል፤ ፈቃዱ ግን ከቁልፉ ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል።

ስለ ፊውዝ

አንዳንድ ሰው ፊውዝ የሚደረገው ዕቃውን ለመጠበቅ ይመስለዋል። በመሠረቱ ግን ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አንድ ሽቦ ከመሪው መዞር የተነሣ ላስቲኩ ተልጦ ከሞተሩ ብረት ጋር ቢነካካ፣ ያች ትንሽ የምትመስል ባትሪ በቅጽበት ብዙ አምፔር ታወጣለች። ፊውዝ ከሌለ ሽቦው እንደ ምድጃ ፍም ይቀላል። ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በመቀመጫውና በቤንዚኑ ጋን ሥር ነው! «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶቻችን ምክር በዚህ ቦታ ምሳሌ ሳይሆን ቃል በቃል እውነት ነው።

ፊውዙ የሚቀመጠው በዕቃው አጠገብ ሳይሆን በባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና አጭር መሆን አለበት። መጠኑንም በስሌት እንወስናለን። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚበሉ ሁለት መብራቶች 20 ዋት ናቸው፤ 20 ለ12 ሲካፈል 1.7 አምፔር ያህል ነው። ስለዚህ 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዝ ሲቃጠል በትልቅ መተካት፣ ይልቁንም በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በሽቦ ቁራጭ መጠገን፣ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ ምክንያቱን ፈልጉ።

የምንጩን አቅም ማወቅ

በቁልፍ መታዘዙ ብቻ ሁሉን አይፈታም። ከበርሜሉ የሚወጣው ወደ በርሜሉ ከሚገባው ከበለጠ፣ ሞተሩ እየሄደም ባትሪው ይደክማል። የትንንሽ ሞተሮች ዲናሞ አቅሙ ውስን ነው፤ ከእርሱም ላይ የፊት መብራቱ 35 ዋት ያህል፣ የኋላው 5 ዋት፣ ብልጭታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ዲናሞው የሚሰጠው ከሙሉ አቅሙ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ 55 ዋት የሚበላ የመኪና መብራት ገዝቶ በትንሽ ሞተር ላይ መግጠም አይመከርም፤ ጥቂት ዋት በልተው ብዙ ብርሃን የሚሰጡት የኤል ኢ ዲ መብራቶች ይሻላሉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ ሁሉንም መብራትና ዕቃ አብርታችሁ፣ በመጠነኛ ዙር ባትሪውን ለኩ። ንባቡ ከ13 ቮልት በላይ ከሆነ ምንጩ በርሜሉን እየሞላ ነው። ከዚያ ከወረደና እየወረደ ከሄደ ከዕቃዎቹ አንዱ መቀነስ አለበት። ተጨማሪ መብራት የገጠመ ሰውም ብርሃኑን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ያስተካክል፤ ለራስ መንገድ ለማየት የፊተኛውን ሰው ዐይን ማሳወር ተገቢ አይደለም።

ሥራው የሚበረክተው በጥንቃቄ ነው

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍቱ፤ ስትጨርሱ ግን ኔጌቲቩን በመጨረሻ እሰሩ። ይህ የሆነበት ምክንያት፣ ኔጌቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የሞተሩን ብረት ቢነካ ብርቱ ብልጭታ ስለሚፈጠር ነው። ሽቦ በሽቦ ላይ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ሳምንት ይሠራል፤ በክረምት ግን ይለቅቃል። በስታኞ የተበየደ ወይም በመገናኛ ብረት በደንብ የተጨመቀ፣ ከዚያም ውሃ በማያስገባ ላስቲክ የተሸፈነ ይሻላል። ሽቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ። በመሪው አንገት በኩል ሲያልፍ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ ሲዞር እንዳይወጠር ትርፍ ይተውለት።

በመጨረሻም ሁሉ ካለቀ በኋላ ያን የመጀመሪያውን ፈተና ድገሙት። ቁልፉን ዝጉ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና በፈታችሁት ሽቦና በባትሪው መካከል ቴስተሩን አምፔር በሚለካበት ቦታው አግቡት። በዚህ ጊዜ ቁልፉን መክፈት ወይም ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ክልክል ነው፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሰዓት የሌለበትና ማንቂያ ያልተገጠመለት ሞተር ከሆነ ንባቡ 0 ወይም ለ0 በጣም የቀረበ ሊሆን ይገባል። እንዲህ ከሆነ በርሜሉ ቀዳዳ የለውም።

ውድ ጓደኞቼ፤ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 ያሳተመውን ሕግ በክፍል ውስጥ ስንማር «ይህ ለፈተና እንጂ ለምን ይጠቅማል?» የምንል አንጠፋም። እነሆ ይጠቅማል። ዋትን በቮልት ማካፈል የሚችል ተማሪ የአባቱን ሞተር ከመቃጠል፣ የጎረቤቱንም የሥራ ቀን ከመባከን ሊያድን ይችላል። ወላጆችም ሞተራችሁን ዕቃ ለማስገጠም ወደ ጋራዥ ስትወስዱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሠራተኛውን ሦስት ነገር ጠይቁት። ቁልፉ ሲዘጋ ዕቃው ይጠፋል ወይ? ፊውዙ የት ነው? ስንት አምፔር ነው? ሦስቱንም ሳያመነታ ከመለሰ ገንዘባችሁን በደስታ ስጡት። ካመነታ ግን ቁልፉን ራሳችሁ ዘግታችሁ ዕቃው መጥፋቱን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።